ፓናዶል መድኃኒት አይደለም እንዴ?

ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ሥራ ታውቁታላችሁ። የዚያን ቀን ሐኪሙ የደም ግፊቷን ለካና ከፍ ብሏል አለ። ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ወደ እኔ ዞር ብሎ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ እንድጠይቃት ነገረኝ። «እማዬ፣ ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» አልኳት። «ኧረ ምንም አልወስድም» አለች። «ኖ» ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈ፣ ማዘዣውን ሰጠን፣ አመስግነን ወጣን።

ወንበሩ ሥር በተቀመጠው ቦርሳዋ ውስጥ ግን አንድ እሽግ ኑሮፈን ነበር። እናቴ የምትሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ውሎዋ ሰው ማንሳት፣ ማገላበጥና ማጠብ ነው። ወገቧን ስለሚያማት ከሥራ በፊት ሁለት ፍሬ፣ ከሥራ መልስ ሁለት ፍሬ ትውጥ ነበር። እኔም አውቅ ነበር፤ ውሃውን የማቀብላት እኔ ነበርኩ።

ማናችንም አልዋሸንም። በእኛ ቤት አማርኛ «መድኃኒት» ማለት ሐኪም ያዘዘው፣ ካርቶኑ ላይ የበሽተኛው ስም የተለጠፈበት ነው። ኑሮፈን «ማስታገሻ» ነው። ፓናዶል ደግሞ ፓናዶል ነው፤ እንደ ስኳርና ጨው ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ዕቃ። ሐኪሙ ስለ አንድ ነገር ጠየቀ፣ እናቴ ስለ ሌላ ነገር መለሰች፤ መካከል ላይ የቆምኩት እኔ ልዩነቱን አላየሁትም።

አሁን ሃያ ዓመቴ ነው፣ ነርሲንግ እማራለሁ። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለዚያች «ኖ» ነው። ሐሳቤ አጭር ነው። ጉበትንና ኩላሊትን ከሚጎዱት ነገሮች መካከል በቀላሉ ልንከላከለው የምንችለው፣ መድኃኒት ብለን የማንጠራቸውን ክኒኖች ያለ ልክና ያለ ጥያቄ መውሰድ ነው። ይህን ለማስተካከል ደግሞ ከሐኪሙም ከፋርማሲስቱም ይልቅ ለቤተሰቦቻችን ቅርብ ያለነው፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የምንችል ልጆቻቸው ነን።

ልማዳችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፉትስክሬይ ወይም ሰንሻይን አንዱ ቤት ቡና ይፈላል። አንዷ «ዛሬስ ራሴን ፈልጦ ሊገድለኝ ነው» ትላለች። ተናግራ ሳትጨርስ ሦስት ቦርሳ ይከፈታል። አንዷ ፓናዶል ታወጣለች። ሌላዋ «እሱ ምንም አይሠራም፣ ይኼን ውሰጂ» ብላ ቮልታረን ትሰጣታለች። ሦስተኛዋ እህቷ ከአሜሪካ የላከችላትን አድቪል ትጨምርላታለች። በፍቅር ነው የሚደረገው፤ ሰው እያመመው ዝም ብሎ ማየት ነውር በሆነበት አገር ያደገ ሰው ያለውን ያካፍላል። ነገር ግን ሰጪዋ፣ ተቀባይዋ የደም ግፊት ክኒን ትውሰድ አትውሰድ፣ ጠዋት ምን ውጣ እንደመጣች አታውቅም። አትጠይቅምም።

ቀልዱም አለ። «የአውስትራሊያ ሐኪም ምንም ብትነግረው ፓናዶል ውሰድ ነው የሚልህ።» ሁላችንም ስቀንበታል። በቀልዱ ውስጥ ሕመማችንን አይሰሙንም የሚል ቅሬታ አለ፤ ቅሬታው አንዳንዴ እውነትነት አለው። ግን ሌላም ነገር ያስተምረናል፤ ፓናዶል ምንም ማለት እንዳልሆነ። ምንም ያልሆነ ነገር ደግሞ አይቆጠርም። ሁለት ካልሠራ ሦስት ይዋጣል፣ ሦስት ካልሠራ አራት።

እንግዲህ እንቁጠረው። በፓናዶል ውስጥ ያለው መድኃኒት ፓራሲታሞል ይባላል። አንዱ ተራ ክኒን 500 ሚሊግራም ነው። ጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ክኒን፣ ማለትም ከ4 ግራም በላይ መውሰድ የለበትም። በየመካከሉም ቢያንስ 4 ሰዓት መጠበቅ አለበት። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፣ ጉበቱን የሚያመው፣ አልኮል የሚያዘወትር ወይም ምግብ ሳይበላ የሰነበተ ሰው ልኩ ከዚህም ሊያንስ ስለሚችል ፋርማሲስት መጠየቅ ይኖርበታል።

ልኩ የተቀመጠው በምክንያት ነው። ጉበታችን አብዛኛውን ፓራሲታሞል ያለ ችግር ያስወግደዋል። ጥቂቱ ግን እዚያው ጉበት ውስጥ ወደ መርዛማ ነገር ይለወጣል። ይህን መርዝ የሚያከሽፈው ግሉታታዮን የሚባል፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። በተለመደው መጠን ግሉታታዮኑ ይበቃል። ልኩ ሲያልፍ ግን መርዙ ይበዛል፣ ግሉታታዮኑ ያልቃል፣ መርዙም የጉበትን ሴሎች መግደል ይጀምራል። ክፋቱ ሰውየው በመጀመሪያው ቀን ደህና መስሎ ሊውል መቻሉ ነው። ቢበዛ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል። የጉበቱ ጉዳት በግልጽ የሚታየው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። አሲታይልሲስቲን የሚባል ማርከሻ አለው፤ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ጉበትን ከጉዳት ለመጠበቅ እጅግ ውጤታማ ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው «ደህና ነኝ» ቢልም ሕመም እስኪሰማው መጠበቅ የለበትም።

በእኛ ዘንድ ከልክ ማለፍ የሚመጣው አንድ ጊዜ ብዙ በመዋጥ ብቻ አይደለም። አንዱን መድኃኒት በሁለት በሦስት ስም በመውሰድም ይመጣል። ፓናዶልም፣ ፓናማክስም፣ የሱፐርማርኬቱ ርካሽ ክኒንም ፓራሲታሞል ናቸው። ለጉንፋን የምንገዛው ኮድራልና በሙቅ ውሃ የምንበጠብጠው ሌምሲፕም በአብዛኛው ፓራሲታሞል አለባቸው። ኑሮሞል ውስጥ ደግሞ ከአይቡፕሮፌን ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ባለፈው ክረምት አንዲት የቤተሰባችን ወዳጅ ጉንፋን ይዟቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። በቀን ስንት ፓናዶል እንደሚወስዱ ስጠይቃቸው «ስድስት ብቻ፤ ከልክ አላለፍኩም ልጄ» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ነገር ግን ከአልጋው አጠገብ የጉንፋን ክኒን ነበር፤ ከእሱም ስድስት ወስደዋል። እያንዳንዱ ውስጥ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አለ። ስንደምረው 6 ግራም ሆነ። የመርዝ መረጃ ማዕከል ደወልን፣ ሄደው ደም እንዲመረመሩ ተነገረን፤ ደግነቱ በጊዜ ስለተደረሰበት ጉበታቸው ደህና ነበር። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ «ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ማን ነገረኝ?» ይላሉ። ልክ ናቸው። ካርቶኑ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል እንጂ ማንም አልነገራቸውም።

እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአውስትራሊያ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ትልቁ የፓራሲታሞል እሽግ ከ20 ወደ 16 ክኒን ወርዷል። በፋርማሲም ከመደርደሪያ አንስተን የምንገዛው ከ100 ወደ 50 ቀንሷል፤ ባለ 100ው ያለ ፋርማሲስት ቁጥጥር አይሸጥም። ያን ጊዜ «ደግሞ ምን ፈለጉ፣ ለፓናዶል!» የሚል ማጉረምረም በየቡናው ሰምቻለሁ። ምንም ያልሆነ ነገር ቢሆን ኖሮ አገር በሕግ ባልቆጠረው ነበር።

አሁን ወደ ኩላሊት ልሻገር። ኑሮፈንና አድቪል ሁለቱም አይቡፕሮፌን ናቸው። ቮልታረን አገር ቤት በክኒንም በመርፌም የምናውቀው ዳይክሎፌናክ ነው። ናፕሮጌሲክ ደግሞ ናፕሮክሰን ነው። ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ሕመም የሚያስታግሱት ሰውነታችን የሚሠራቸውን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ኬሚካሎች በመቀነስ ነው። ችግሩ እነዚሁ ኬሚካሎች ኩላሊት ውስጥ ሌላ ሥራ አላቸው። ደም ወደ ኩላሊቱ ማጣሪያ የሚገባበት ቀጭን የደም ሥር እንዳይጠብ ያደርጋሉ። ውሃ ሲጎድለን፣ ዕድሜ ሲገፋ ወይም ልብ ሲደክም ኩላሊት በእነሱ ይበልጥ ይደገፋል። ክኒኑ ሲቀንሳቸው መግቢያው ይጠባል።

በዚህ ላይ የደም ግፊት መድኃኒት ይጨመር። እንደ ፔሪንዶፕሪልና ኢርበሳርታን ያሉ ክኒኖች ደም ከማጣሪያው የሚወጣበትን የደም ሥር ያላሉታል። ለብዙ ሰው ይህ ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ኩላሊትን ይጠብቃል። ሽንት የሚያበዛው ክኒን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ያለውን ውሃ ይቀንሳል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲገናኙ ግን መግቢያው ጠበበ፣ መውጫው ላላ፣ ውሃው ጎደለ ማለት ነው፤ ኩላሊት የሚያጣራበትን ግፊት ያጣል። እዚህ አገር ይህንን ሦስት ጊዜ እንደ መመታት ቆጥረው ነው የሚያስተምሩን። አንዳንዱ የግፊት ክኒን ሁለቱን መድኃኒት በአንድ ፍሬ ስለሚይዝ፣ ወሳጁ አንድ ብቻ የሚወስድ ይመስለዋል። ኑሮፈን ሲጨምርበት ሦስቱ ይሟላሉ።

የእኛ ኑሮ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው። በዐቢይ ጾም እህልና ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናቶች አሉን። በስቅለት ሲሰግዱ ውለው ማታ ወገባቸውን ይይዛሉ፤ ባዶ ሆድና ውሃ የጠማው ሰውነት ላይ ቮልታረን ይወርዳል። በረመዳንም እንደዚሁ ነው። የሜልበርን በጋ 40 ዲግሪ ሲገባም፣ ሲያስቀምጠንና ሲያስመልሰንም ያው ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ አነጋገራችን ነው። አማርኛችን የወገብና የጎን ሕመምን «ኩላሊቴን አመመኝ» ይለዋል። ብዙ ጊዜ የሚያመው ጡንቻው ነው። ሰውየው ግን ኩላሊቱን የሚያክም መስሎት ዳይክሎፌናክ ይወስዳል፤ እሱ ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችለው ራሱ ነው። እውነተኛው የኩላሊት ድካም ግን ብዙውን ጊዜ አያምም። ሰው እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን የኩላሊቱን አቅም አጥቶ እንኳ ምንም ላይሰማው ይችላል። የሚያውቀው የደምና የሽንት ምርመራ ነው።

ይህ የአበሻ ችግር ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታፍሩበት፤ ያለንበት አገርም ያለፈበት ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአውስትራሊያ ቤክስና ቪንሰንትስ የሚባሉ የራስ ምታት ዱቄቶች በየሱቁ ይሸጡ ነበር። አስፕሪን፣ ፌናሲቲንና ካፌይን የተደባለቁባቸው ነበሩ። በብዛት የሚወስዷቸው ሴቶች ነበሩ፤ ቤት ውስጥ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ፋብሪካ የሚሠሩ። ዱቄቱን ከሥራ ጋር፣ ከሻይ ጋር፣ ከድካም ጋር ይወስዱታል። ሻይ ጠጥቶ፣ ቤክስ ወስዶ፣ ጋደም ማለት የአገሬው አባባል ከመሆኑ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲድኒ ውስጥ ለታየ የመድረክ ኮሜዲ ርእስ ሆኖ ነበር። ማንም መድኃኒት አላለውም።

የኩላሊት ሐኪሟ ፕሪሲላ ኪንኬድ-ስሚዝ ከእኛው አህጉር የመጡ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ተወልደው በ1950ዎቹ መጨረሻ ሜልበርን ገቡ። ፓርክቪል በሚገኘው ሮያል ሜልበርን ሆስፒታል ሲሠሩ የኩላሊታቸው የውስጠኛው ክፍል የሞተባቸው ሕመምተኞች ይገጥሟቸው ነበር። አጥብቀው ሲጠይቁ እነዚህ ሰዎች ዱቄቱን ለዓመታት በየቀኑ የሚወስዱ ሆነው ተገኙ። በ1960ዎቹ የምርምር ውጤታቸውን አሳተሙ፣ ከዚያም ሽያጩ እንዲገደብ ተከራከሩ። በ1970ዎቹ በአውስትራሊያ ኩላሊታቸው ጨርሶ ከደከመ ሰዎች መካከል ከአምስቱ የአንዱ ያህል ምክንያቱ ማስታገሻ ነበር። በመጨረሻ ፌናሲቲን ከዱቄቶቹ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ድብልቅ ማስታገሻዎች እንደልብ እንዳይሸጡ ተደረገ፤ በሽታውም በቀጣዮቹ ዓመታት እየቀነሰ ሄደ። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1975 በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው።

የዛሬው ኑሮፈን ቤክስ አይደለም፤ መድኃኒቱም የሚጎዳበት መንገድም ይለያያል። ኑሮው ግን ይመሳሰላል። ያኔ በፋብሪካ ቆመው የሚውሉ ሴቶች ነበሩ፤ ዛሬ በአረጋውያን መንከባከቢያ፣ በጽዳት፣ በመጋዘን የሚሠሩት የእኛ እናቶችና አባቶች ናቸው። ሥራ መቅረት ስለማይችሉ ሕመሙን ዋጥ አድርገው ይሄዳሉ። እኚያ ሐኪም ነገሩን ያገኙት የሕመምተኞቹን መልስ እንደ ወረደ ሳይቀበሉ ደግመው ስለጠየቁ ነው። እኔ በዐሥራ ሁለት ዓመቴ ደግሜ አልጠየቅሁም።

በሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ ስለ ሦስቱ መድኃኒቶች የተማርን ዕለት ቤት እንደገባሁ የወጥ ቤቱን መሳቢያ ከፈትኩ። የግፊት ክኒኗን አነበብኩ፤ ሽንት የሚያበዛውም በውስጡ አለ። አጠገቡ ኑሮፈን፣ የሱፐርማርኬት አይቡፕሮፌንና ቮልታረን ነበሩ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች «ስምንት ዓመት ሙሉ ወስጄው ምን ሆንኩ? ዛሬ ደግሞ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ። ቢሆንም ሐኪም ዘንድ ሄድን። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚዋ እኔ አልነበርኩም፤ በስልክ ባለሙያ ነበር። ጥያቄውም ሌላ ነበር። ከሱፐርማርኬት የምትገዢው፣ ጓደኛ የምትሰጥሽ፣ ከአገር ቤት የሚመጣልሽ፣ ክኒንም ቅባትም ቅጠልም ጭምር፣ ሲያምሽ ምን ትወስጃለሽ? እናቴ በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። አንዱ እጅ አልበቃትም።

የደም ምርመራው የኩላሊቷ አቅም ለዕድሜዋ ከሚጠበቀው በታች መሆኑን አሳየ። ሐኪሟ ጥፋቱ የኑሮፈን ብቻ ነው አላለችም፤ ግፊቱ ራሱም ኩላሊት ይጎዳል። ነገር ግን ማስታገሻዎቹን እንድታቆም አደረገች፣ ለወገቧም ፊዚዮቴራፒ ላከቻት። ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ ተሻሽሎ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተመለሰም። ከክሊኒኩ ስንወጣ መኪና ውስጥ «ያኔ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለችኝ። ጠይቄያት ነበር። ቃሉ ነው የተሳሳተው።

ይህንን የምነግራችሁ ያንን ሐኪም ለመክሰስ አይደለም። ግን ልጅን በሕክምና ማስተርጎም ልክ እንዳልሆነ መናገር አለብኝ። ልጅ የማያውቀውን ነገር አልገባኝም አይልም፤ ቶሎ ብሎ ይመልሳል። እናትም ልጇ ፊት ሁሉን አትናገርም። ቲስ ናሽናል የሚባለው የመንግሥት የማስተርጎም አገልግሎት በ131 450 ይገኛል፤ ሐኪሞችና ፋርማሲዎች ያለ ክፍያ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ቀጠሮ ሲያዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት በቂ ነው። ታናናሾቻችሁን ከዚህ ሥራ አውጧቸው።

ሌላው ነገር ሻንጣችን ነው። አገር ቤት ስንሄድ ፓናዶልና አድቪል ሳንይዝ አንሄድም፤ አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ይጠብቃል። እዚያ ሲደርስ ካርቶኑ ተቀዶ፣ ፍሬው ተቆርጦ ይከፋፈላል፤ ከዚያ በኋላ ስሙም ልኩም አይታወቅም። ኩላሊት ሲደክም የት እንደሚኬድ ግን እናውቃለን። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ እጥበቱን ብዙው ሰው የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ለእጥበት ገንዘብ እናዋጣ የሚል መልእክት በየጊዜው ስልካችን ላይ ይመጣል፣ እናዋጣለን። በሌላ እጃችን ደግሞ ተቀባዩ በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ክኒን እንልካለን። መላኩ ይቅር ማለት ይከብደኛል፤ አያቴም እሺ አትለኝም። ቢያንስ ግን ከነካርቶኑ ይሰጥ፣ ካርቶኑ ላይም በአማርኛ ይጻፍበት። ደግሞም በሐኪም ማዘዣና በመንግሥት ድጎማ የተገዛ መድኃኒትን ለሌላ ሰው ብሎ ከአውስትራሊያ ማውጣት በሕግ የተከለከለ መሆኑን አንርሳ።

«ታዲያ ምን እንዋጥ? ዝም ብለን እንታመም?» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ሕመም እውነት ነው፣ ማስታገሻም ጥሩ ነገር ነው። ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ለአብዛኛው ሰው ደህና ነው። ጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀን በልኩ አይቡፕሮፌን ቢወስድ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም። ይህንን አንብቦ የግፊት ክኒኑን በራሱ የሚያቆም ሰው ካለ ደግሞ የባሰ ጥፋት ነው፤ ግፊት ኩላሊትን ይገድላል። «እንግዲያው ዳማ ከሴ ይሻለናል» ለሚሉም ቅጠልም በዚያው ጉበት ነው የሚያልፈው። ልተወው አልልም፤ ለሐኪም ይነገር ነው የምለው።

ከእናንተ የምለምነው በዚህ ሳምንት መጨረሻ የሚያልቅ ሥራ ነው። ወላጆቻችሁ ቤት ሂዱና መሳቢያውን ክፈቱ። «መድኃኒት ትወስዳላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ሲያማችሁ ምን ትወስዳላችሁ? ትናንት ምን ዋጣችሁ?» በሉ። በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም ትታችሁ በደቃቁ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አስቀምጡ። በወፍራም እስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ጻፉ፦ «ፓራሲታሞል፤ በቀን ከ8 አይበልጥም፤ ከጉንፋን ክኒን ጋር አይወሰድም።» «አይቡፕሮፌን፤ ግፊት ያለበት ሰው ሳይጠይቅ አይውሰድ።» ብዙ ዓይነት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸው ፋርማሲስት ቤታቸው ድረስ መጥቶ መድኃኒቶቻቸውን እንዲያይላቸው ማዘዝ ይችላል፤ ሜዲኬር ይከፍላል። ግፊት ወይም ስኳር ላለባቸው የኩላሊት ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ ይጠየቅላቸው። ማንም ሰው ከልክ በላይ ከወሰደ በማንኛውም ሰዓት 13 11 26 ደውሉ፤ ራሱን ከሳተ ወይም መተንፈስ ካቃተው 000።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ በዓል ስንዘጋጅ አንድ ጠረጴዛ ለዚህ ይሰጥ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የታተሙ ተለጣፊ ወረቀቶች ይኑሩ፣ ፋርማሲና ነርሲንግ የምንማር ልጆች እንቀመጥ፣ ሰው መድኃኒቱን በፌስታል ይዞ ይምጣ። ወጪው ከአንድ ትሪ ዳቦ አይበልጥም።

አሁን እኛ ቤት ቡና ሲፈላ አንዷ «ራሴን» ስትል ቦርሳዎቹ እንደ ድሮው ይከፈታሉ። እናቴ ግን እጇን ታነሣና «ቆይ፣ ቆይ። ጠዋት ምን ወስደሻል?» ትላለች። መጀመሪያ ላይ «ዶክተሯ መጣች» እያሉ ይስቁባት ነበር። አሁንም ይስቃሉ፤ ግን ይመልሱላታል።